የተዘጋ መጫወቻ፣ ሙሉ ሂሳብ

ለፋሲካ ልጆቻችንን ይዘን ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ወርደን ሐይቁ ዳር ካለ አንድ ሪዞርት ስናርፍ፣ በስልክ «የልጆች መጫወቻውና መዋኛ ገንዳው ከአልጋው ዋጋ ጋር ነው» የተባልነው ሁሉ ውሸት ሆኖ ጠበቀን። ገንዳው ውሃ አልነበረውም፤ ሸርተቴው በገመድ ታስሯል፣ የዥዋዥዌው ሰንሰለትም ተበጥሶ መሬት ላይ ተጋድሟል። ትንሿ ልጄ የዋና ልብሷን እንደለበሰች «ውሃው መቼ ነው የሚመጣው?» ስትለኝ የምመልስላት አጣሁ። ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ወስደን ዓሣ ባናበላቸው ኖሮ አኩርፈው በተመለሱ ነበር። ከሂሳቡ ግን ምንም አልተቀነሰም፤ የአገልግሎት ክፍያና 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ተደምሮበት መጣ። ላልተሰጠ አገልግሎት እንዴት ክፍያ ይጠየቃል? ሥራ አስኪያጁ «በዓል ስለሆነ ጠጋኝ አጥተን ነው» አሉን፤ ቀብዱን ሲቀበሉን ግን ስለ ብልሽቱ አንድም ቃል አልተነፈሱም።