«ስንት ትሸጭዋለሽ?» አትበሉኝ

ኧረ በማርያም ዛሬስ ልተንፍሰው፤ ሰሞኑን ሆዴ ውስጥ ሲብላላ ከርሟል።

እኔ ድፎ መጋገር እወዳለሁ። በዓል ስለደረሰ ወይ እንግዳ ስለተጠራ አይደለም። ዓርብ ማታ አቦካለሁ፣ ቅዳሜ እጋግራለሁ፣ ከሰዓት ቡና ተፈልቶ ከቤተሰብ ጋር ይበላል። ከሳምንቱ ሁሉ ነፍሴ የምታርፈው ያኔ ነው። ታዲያ እዚህ ደብረ ማርቆስ ይችን ደስታዬን የሰማ ሁሉ ወይ «ዳቦ ቤት በርሽ ላይ እያለልሽ ምን ያደክምሻል?» ይለኛል፣ ወይ ደግሞ «ለምን አትሸጭውም?»

የመጀመሪያውን እንኳ ለምጄዋለሁ። የዳቦ ቤቱ ዳቦ ዋጋው በጨመረ ቁጥር መጠኑ እያነሰ፣ ሲጨብጡት ሙሽሽ ብሎ እጅ ውስጥ ይጠፋል፤ ጠዋት የተገዛው ማታ ይፈረፈራል። በፓኬት የሚሸጠው እርሾ ሊጡን ባንድ በሁለት ሰዓት ይነፋዋል፣ ጣዕም እስኪያመጣ ግን ማን ይጠብቀዋል? የቤቱ እርሾ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠራ አድሮ ነው ያችን ኮምጠጥ ያለች ጣዕም የሚሰጠው። ማርቆስ ደግሞ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ደጋ ናት፤ በክረምት ሊጡን ምድጃ ዳር አስጠግቼ ጋቢ ካላለበስኩት ኩፍ አይልም። ሌሊት ተነስቼ ክዳኑን ገለጥ ሳደርገው፣ አረፋው ፈንዳ ፈንዳ ብሎ፣ በጣቴ ጫን ስለው መልሶ ሲነሳ ሳይ እንዴት ደስ እንደሚለኝ ለማን ልንገር?

ኮባውስ? በእኛ አገር ብዙ ጓሮ ውስጥ ኮባ የሚተከለው ለቅጠሉ ነው። ደቡቦች ቆጮ ይሠሩበታል፤ እኛ ዳቦ እንጋግርበታለን። ቅጠሉን እሳት ላይ ለብለብ ሳደርገው ይለሰልስና እንደፈለግኩ ይታጠፍልኛል፣ አይሰነጠቅም። ምጣዱ ላይ አነጥፈዋለሁ፣ ጥቁር አዝሙድና ኮረሪማ የገባበትን ሊጥ እገለብጥበታለሁ፣ ከላይም በኮባ ሸፍኜ አክንባሎውን እደፋበታለሁ። ትንሽ ቆይቶ የኮባውና የኮረሪማው ሽታ ተቀላቅሎ በር ላይ ሲደርስ ልጆቹ ጨዋታቸውን ጥለው ይመጣሉ። ከበሰለ በኋላ የተጠበሰውን ቅጠል ስልጠው የቅጠሉ መስመር አንድ በአንድ ጀርባው ላይ ታትሞ ይቀራል። ይኼንን የትኛው ዳቦ ቤት ነው የሚሸጥልኝ?

የመብራቱን ነገር አታንሱብኝ። ዳቦው ምጣድ ላይ እያለ ድርግም! ላዩ ደርቆ ውስጡ ሊጥ ሆኖ ከቀረ ወዲያ መብራቱ ቢመጣም ባይመጣም ያው ነው፣ አይመለስም። ስለዚህ ሁልጊዜ ከሰል አዘጋጅቼ ነው የምጀምረው፤ እንደጠፋ አክንባሎው ላይ ፍም እደረድራለሁ። ያንን ሁሉ ጭስ ተጋፍቼ ካወጣሁት በኋላ ነው እንግዲህ «ምን አደከመሽ» የሚሉኝ!

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን «ሽጭው» የሚለው ነው። ሰው ቁራሹን ገና ሳይውጥ ሒሳብ ይጀምራል። «የዱቄቱን አውጪና ይህን ያህል ይተርፍሻል፤ ቲክቶክ ላይ ልቀቂው፤ ማስታወቂያ አሠሪ።» ኑሮው መክበዱን እኔም እየኖርኩት ነው። ዳቦ ጋግረው ሸጠው ልጅ የሚያሳድጉ እናቶች ክብሬ ናቸው። እኔ ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ የሰው ሥራ ስሠራ ነው የምከርመው። የቀረችኝን ቅዳሜ ደግሞ ለደንበኛ ላስረክባት? ደንበኛ ሲመጣ ልኬት ይመጣል፣ ሰዓት ይመጣል፣ ቅሬታ ይመጣል። ያኔ ሌሊት ተነስቼ ሊጡን የማየው በጭንቀት ይሆናል። ብር የማያመጣ ነገር ሁሉ የባከነ ጊዜ ነው ያለው ማነው?

ነሐሴ 13 ቡሄን እዩት። ልጆች ሆነን ሆያ ሆዬ ጨፍረን የምንጠብቀው ሙልሙል ነበር፤ ትኩሱን ከእጅ እጅ እያቀያየርን ስንሮጥ ትዝ ይለኛል። አሁን በየበሩ ብር ይሰጣቸዋል፤ ልጆቹም ብሩን ነው የሚጠብቁት። ባለፈው ቡሄ ሙልሙል ጋግሬ ሰጠኋቸው። ከሁሉ ትንሹ መጀመሪያ እጄን፣ ቀጥሎ ፊቴን አየና ተቀበለኝ፤ ከዚያ ጓደኞቹ ሲሄዱ እሱ እዚያው በሩ ላይ ቆሞ ጨርሶት ሄደ።

ቅዳሜ ከሰዓት እኛ ቤት የደረሰ ሰው ቁራሽ አያጣም፤ ለጎረቤትም በሰሃን ይሄዳል። ከጣማችሁ «እጅሽ ይባረክ» በሉኝ፣ እሱ ይበቃኛል። ዋጋውን ግን በእናታችሁ አትጠይቁኝ።