ከኮሮጆው በፊት ቆሻሻው ይነሣ

በእንግሊዝ አገር የአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ መቃረቡን የሚያበስረው በመኪና ላይ የተጫነ ድምፅ ማጉያ ሳይሆን የአስፋልት ጉድጓድ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጎማ ሲበላ የከረመና ማንም ዞር ብሎ ያላየው ጉድጓድ ኤፕሪል ሲገባ ድንገት ዝነኛ ይሆናል፤ የየፓርቲው ዕጩዎች በየተራ አጠገቡ በርከክ ይሉና ሌባ ጣታቸውን ወደ ውስጥ ቀስረው፣ ግንባራቸውን ቋጥረው ፎቶግራፍ ይነሣሉ። ፎቶግራፉ በበራሪ ወረቀት ላይ ታትሞ በበራችን ቀዳዳ ቤታችን ይገባል። ምርጫው ሲያልፍ ጉድጓዱ ወደ ቀድሞ ሥራው ይመለሳል።

ምርጫው ብዙውን ጊዜ የሚደረገው በሜይ የመጀመሪያ ሐሙስ ሲሆን፣ የለንደን 32 ቦሮዎች (ክፍለ ከተሞች) የምክር ቤት መቀመጫቸውን በሙሉ በየአራት ዓመቱ በአንድ ቀን ለውድድር ያቀርባሉ። ካውንስል (የአካባቢው ምክር ቤት) ጦር የለውም፤ ፖሊስ አያዝም፤ ከማንም ጋር የድንበር ውዝግብ ውስጥ አይገባም። ሥልጣኑ ቆሻሻ በየሳምንቱ ይነሣ ወይስ በየሁለት ሳምንቱ፣ መኪና የት ይቁም፣ ቤተ መጻሕፍቱ ቅዳሜ ይከፈት ወይስ ይዘጋ፣ ጎረቤት በጓሮው ሊሠራ ያሰበው ተጨማሪ ክፍል ይፈቀድለት ወይስ ይከልከል በሚሉት ጥያቄዎች ላይ ነው። የካውንስል ቤት ወረፋና የአረጋውያን እንክብካቤም በእጁ ናቸው፤ ነገር ግን እነዚህ ፎቶግራፍ ላይ እንደ ጉድጓዱ አያምሩም። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ተቀየረ ተብሎ እንቅልፍ ያጣ የመንገዳችን ነዋሪ አላጋጠመኝም፤ ቢኑ (የቆሻሻ ገንዳው) የሚነሣበት ቀን ከማክሰኞ ወደ ዓርብ የተዛወረ ዕለት ግን ለዓመታት ሰላምታ ያልተለዋወጡ ጎረቤታሞች በየደጃፋቸው ቆመው ሲማከሩ አይቻለሁ።

ለዚህ ሁሉ አገልግሎት የምንከፍለው ካውንስል ታክስ ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ግብሩ የሚሰላው ቤቱ እ.ኤ.አ. አፕሪል 1 ቀን 1991 ሊያወጣ ይችል በነበረው ዋጋ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር መጋቢት 1983 ዓ.ም. መሆኑ ነው፣ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ገና ቤተ መንግሥት ሳሉ። ከዚያ ወዲህ ደርግ ወድቋል፤ ኢሕአዴግ መጥቶ ሄዷል፤ ብሪታንያም የአውሮፓ ኅብረትን ጥላ ወጥታለች፤ በእንግሊዝ የቤታችን ግምት ግን ካለበት አልተነቃነቀም። ትናንት ተሠርቶ ያለቀ ፎቅ እንኳ ያኔ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ስንት ያወጣ ነበር ተብሎ ይታሰብለታል። ግምቱን የሚከልስ ፓርቲ ግብሩ የሚጨምርበትን ሰው ሁሉ እንደሚያጣ ስለሚያውቅ፣ በሌላው ነገር ሁሉ የሚናቆሩት ፓርቲዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ዝም በማለት ተስማምተዋል።

በቤት ለቤት ቅስቀሳው ላይ እኛ ሐበሾች የራሳችንን ቅመም ጨምረንበታል። አንዲት ጎረቤቴ በቤቷ ውስጥ ብቸኛዋ አዋቂ በመሆኗ ሕጉ የሚፈቅደውን የ25 በመቶ የካውንስል ታክስ ቅናሽ ታገኛለች። አንድ ቀን ማምሻውን በሯ ሲንኳኳ አጮልቃ ብታይ፣ ደረቱ ላይ ቀይ የሪባን አበባ የለጠፈና ወረቀት በሰሌዳ ላይ ያሰረ ሰው ቆሟል። ከጀርመን ለአንድ ሳምንት ብላ መጥታ ወር የሞላትን የአክስቷን ልጅ መታጠቢያ ቤት አስገባቻት፤ ትርፉን ጫማ በእግሯ ከሶፋው ሥር ገፋችውና በሩን ከፈተች። ሰውዬው ፈገግ ብሎ የሚያሳስባት ነገር እንዳለ ሲጠይቃት፣ "የለም፤ ብቻዬን ነው የምኖረው" አለችው። ድምፅዋን ለማን ልትሰጥ እንዳሰበች ሲጠይቃት ደግሞ፣ "ማንም የለም አልኩህ እኮ፤ ብቻዬን ነኝ" አለችው። ዕጩው አንገቱን በሐዘኔታ ነቅንቆ አንድ ነገር ጻፈና ሄደ። በሳምንቱ ብቸኝነት ያጠቃቸውን ነዋሪዎች የሚጎበኝ የበጎ ፈቃደኞች ማኅበር ስልክ ቁጥር ያለበት ደብዳቤ በፖስታ ደረሳት።

ሌላው ወዳጄ በተቃራኒው ዕጩን በጉጉት የሚጠብቅ ሰው ነው። ባለፈው አንዲት ወጣት ተወዳዳሪ በሩን ስታንኳኳ እጇን ይዞ አስገባት፤ ባለቤቱ ቡና መቁላት ጀመረች፤ እርሱም ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ፓርቲዋ በዓባይ ግድብ ላይ ያለውን አቋም በግልጽ እንድታስረዳው ጠየቃት። ልጅቷ ተዘጋጅታ የመጣችው ስለ ሕፃናት መጫወቻ ሥፍራው አጥር መጠገን ለመናገር ነበር። ቢሆንም ጨዋ ናትና ጉዳዩ በጣም አስፈላጊ መሆኑን ገልጻ፣ ተከታትላ መልስ እንደምትሰጠው ቃል ገብታ ጻፈች። ወዳጄ አሻግሮ ሲያይ ከላይ "ቁጥር 17፦ ቢን አልተነሣም" ይላል፤ ከሥሩ "ቁጥር 19፦ ዓባይ"። ያልተንኳኩ ብዙ በሮች ስለነበሩባት አቦሉን እንደጠጣች ይቅርታ ጠይቃ ተነሣች፤ ወዳጄም ቶናን ሳይጠጣ ለሚሄድ ፓርቲ ድምፄን አልሰጥም ብሎ ማለ።

መሐላው እንኳ ብዙም የሚያመጣው ለውጥ አልነበረም፤ ወዳጄ መምረጥ አይችልምና። የብሪታንያ ዜግነት ያላገኘ ኢትዮጵያዊ የፈለገውን ያህል ዓመት ካውንስል ታክስ ቢከፍል በዚህ ምርጫ ድምፅ የለውም። የኮመንዌልዝ (በአብዛኛው የብሪታንያ ቅኝ የነበሩ አገሮች ማኅበር) አባል አገር ዜጋ ግን የመኖሪያ ፈቃድ እስካለው ድረስ፣ ባለፈው መስከረም ለትምህርት የመጣ ተማሪም ቢሆን፣ ተመዝግቦ ይመርጣል። የኬንያዊውና የጋናዊው አያቶች በእንግሊዝ ስለተገዙ የልጅ ልጆቻቸው ካሣ አገኙ ብለን እንለፈው። ይሁንና የፖርቱጋል ቅኝ የነበረችው ሞዛምቢክ እ.ኤ.አ. በ1995፣ ሩዋንዳ ደግሞ በ2009 ማኅበሩን በገዛ ፈቃዳቸው ተቀላቅለዋል፤ ዜጎቻቸውም እዚህ ስለ እኛ ቢን ይወስናሉ። ወዳጄ ይህን በሰማ ጊዜ፣ "አባቶቻችን አድዋ ላይ ያን ያህል ባይጨክኑ ኖሮ ዛሬ እኛም እንመርጥ ነበር" አለ። አድዋ ላይ የመጣው ጣልያን እንጂ እንግሊዝ አለመሆኑን ላስረዳው ብሞክር ሞዛምቢክን ጠቀሰብኝ።

ዜግነቱን አግኝተው መብቱ ያላቸው ወገኖቻችንስ? ቅዳሜ ምሳ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የትኛው ሚኒስትር ሊነሣ እንደሆነና በቦታው ማን እንደታሰበ ይተነትናሉ፤ የሚኖሩበትን ዎርድ (የምርጫ ቀጣና) ሦስት ካውንስለሮች (የምክር ቤት አባላት) ስም ሲጠየቁ ክትፎው ላይ ያቀረቅራሉ። በለንደን የካውንስል ምርጫ ከተመዘገበው መራጭ የሚወጣው ሲሶው ወይም ጥቂት ከፍ የሚል ስለሆነ፣ ቢያንስ በዚህ ረገድ ከእንግሊዞቹ ጋር ፍጹም ተዋሕደናል ማለት ይቻላል።

አንድ አዛውንት ወዳጄ ግን ከዚህ ወገን አይደሉም። ጋሼ በ1997 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ገና ሳይነጋ ተሰልፈው የመረጡ ሰው ናቸው። ለንደን ላይም የምርጫ ጣቢያው ከጧቱ 1 ሰዓት እንደሚከፈት ሲነገራቸው ሱፋቸውን ለብሰው፣ ከረባታቸውን አስረው፣ ለሰልፉ የሚሆን ውኃና ቆሎ ይዘው ከግማሽ ሰዓት ቀድመው ደረሱ። ሰልፍ አልነበረም። በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ደጃፍ አንድ ውሻ ብቻ ታስሮ ቆሟል፤ ጌታው ፎቶግራፍ እያነሣው ነበር፤ ውሻን በምርጫ ጣቢያ በር ላይ ፎቶ ማንሣት በዚህ አገር ከምርጫው እኩል የሚከበር ሥርዓት ነው።

እስከ እ.ኤ.አ. 2023 ድረስ በእንግሊዝ ለመምረጥ ስምና አድራሻ መናገር ብቻ ይበቃ ነበር። የቀበሌ መታወቂያ ያልያዘ ሰው ስኳር እንኳ በማያገኝበት ሥርዓት ያደጉት ጋሼ ይህን ቀድሞውንም አላመኑበትምና፣ ፎቶ ያለው መታወቂያ ግዴታ በሆነ ጊዜ እንግሊዞች ዘግይተውም ቢሆን መሠልጠናቸውን በደስታ ተቀበሉ። ደስታቸውን እጥፍ ያደረገው አረጋውያን በነፃ አውቶቡስ የሚሳፈሩበት ካርዳቸው ተቀባይነት ሲያገኝ፣ የልጅ ልጃቸው የተማሪ አውቶቡስ ካርድ ተቀባይነት ማጣቱ ነው። አዛውንት በሚከበርበት አገር መኖራቸውን ያን ዕለት አረጋገጡ።

ወረቀቱን ተቀብለው ሲገቡ ግን በክር የታሰረ እርሳስ አገኙ። በእርሳስ የተጻፈ በላጲስ እንደሚጠፋ የማያውቅ ማን ነው? ከኪሳቸው የራሳቸውን እስክሪብቶ አወጡ፤ ሕጉም አይከለክልም፤ ብሪታንያ ከአውሮፓ ኅብረት ትውጣ አትውጣ በተባለበት የእ.ኤ.አ. 2016 ሕዝበ ውሳኔ እንግሊዞቹ ራሳቸው እስክሪብቶ ይዛችሁ ሂዱ ተባብለው ነበር። ዎርዱ ሦስት ሰዎች ስለሚያስመርጥ እስከ ሦስት ምልክት ማድረግ ይቻላል፤ ጋሼም እርስ በርስ እንዲጠባበቁ ብለው አንዱን ለሌበር፣ አንዱን ለኮንሰርቫቲቭ፣ አንዱን ለግሪን ሰጡ። ከዚያ አውራ ጣታቸውን ለአስመራጯ ዘረጉላት። ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ጨበጠቻቸው፤ እርሳቸው የጠበቁት ቀለሙን ነበር። ሲወጡ ደግሞ ደረቱ ላይ ሪባን የለጠፈ ሰው የመራጭ ቁጥራቸውን ጠየቃቸው። ሰውዬው ሥልጣን የሌለው የፓርቲ በጎ ፈቃደኛ ነው፤ የሚፈልገውም ደጋፊዎቹ መጥተው እንደሆነ አውቆ ማምሻውን በከንቱ በራቸውን ላለማንኳኳት ነው። ይህን ለጋሼ ማን ያስረዳቸው? "ካድሬ!" ብለው ፊታቸውን አዞሩና በማይሄዱበት አቅጣጫ የሚሄድ አውቶቡስ ላይ ተሳፈሩ።

የቀደሙት ምርጫዎች ውጤት ሲነገራቸው የባሰ መጣ። በለንደኑ የሉዊሻም ቦሮ ሌበር እ.ኤ.አ. በ2018ም በ2022ም ከ54 መቀመጫ 54ቱን ወሰደ። ኒውሃም በ2018 ከ60 ስድሳ፤ ባርኪንግና ዳግነም ደግሞ ከ2010 እስከ 2022 በተደረጉት አራት ምርጫዎች በሙሉ ከ51 ሃምሳ አንድ። በ2007 ዓ.ም. ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም መቀመጫ ያዙ በተባለ ጊዜ ለንደን ላይ ሰልፍ የወጡት ጋሼ፣ "እዚህም ደርሰዋል እንዴ?" አሉ። እዚህ ኮሮጆ አልተገለበጠም፤ ታዛቢም አልተደበደበም። በየዎርዱ ብዙ ድምፅ ያገኙት ብቻ ይገባሉ፤ ሌሎቹን ፓርቲዎች የመረጡት ብዙ ሺህ ሰዎች አንድም ወንበር አያገኙም፤ ሁሉም ተጨባብጦ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ኮሮጆ መገልበጥ የሚያስፈልገው ሕጉን በቅጡ ላላነበበ ገዢ ነው መሰለኝ። ምክር ቤቱ ውስጥ ተቃዋሚ ካስፈለገ ደግሞ ከገዢው ፓርቲ መካከል በዚያ ሳምንት የተኳረፈ ይፈለጋል።

ጋሼን ያጽናናቸው ከወደ ሰሜን የተገኘ ታሪክ ነው። በሜይ 2017 በኖርዘምበርላንድ፣ ሳውዝ ብላይዝ በሚባል ዎርድ፣ የሊበራል ዴሞክራቷና የኮንሰርቫቲቩ ዕጩ ድምፅ ተቆጥሮ ተቆጥሮ እኩል ሆነ። ሕጉ በዚህ ጊዜ ዕጣ ይውጣ ይላልና ሁለቱ ገለባ መዘዙ፤ ሊበራል ዴሞክራቷ አሸነፈች፤ ኮንሰርቫቲቮችም ምክር ቤቱን ብቻቸውን ለመያዝ አንድ ወንበር ጎደላቸው። ይህን ስነግራቸው ጋሼ ፊታቸው በራ። የዕቁብ ዳኛ ሆነው የኖሩ ሰው ናቸውና፣ እንግሊዝ በመጨረሻ የሚገባቸውን ነገር ስትሠራ አዩ። ጥቂት አሰቡና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፦ "ለመሆኑ ዕጣው የወጣላት ሴትዮ ዋስ ጠርታለች?"