የመጀመሪያው ሳምንት ኩዊዝ ማንን ነው የሚፈትነው?

ሰሞኑን አንድ ኮሌጅ ያወጣው ማስታወቂያ እጄ ገባ። ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ አቴንዳንስ ከመጀመሪያው ቀን ይያዛል። የመጀመሪያው ሳምንት ሳያልቅ በየኮርሱ ውጤት የሚያዝበት ኩዊዝ ይሰጣል። ላመለጠው ማካካሻ የለም። ዲኑ ሲጠየቁ የሰጡት መልስ ደግሞ ይብሳል። ሥራ ዓለም ላይ መላመጃ የሚሰጥ የለም፣ ተማሪውም ከአሁኑ ይልመደው ነው የሚሉት።

የትኛው ሥራ ነው መላመጃ የሌለው? አዲስ ሠራተኛ የሙከራ ጊዜ ይሰጠዋል። ሐኪም ኢንተርን ሆኖ በሲኒየሮቹ ሥር ይከርማል። ዓመታት የበረረ አብራሪ እንኳ ወደ ሌላ ዓይነት አውሮፕላን ሲዛወር መጀመሪያ ሲሙሌተር ውስጥ ይሰለጥናል። ሥራ ዓለምን እንደ ምሳሌ የሚጠራ ሰው ሥራ ዓለም ውስጥ የሚሆነውን ቢያይ ጥሩ ነው።

ዋናው ጥያቄዬ ግን ሌላ ነው። ይህ ኩዊዝ ምኑን ነው የሚለካው? እውቀት አይደለም። ገና ምን ተማሩና! የሚለካው የማን ምዝገባ ቀድሞ እንዳለቀ ነው።

አንዲት የሁለተኛ ዓመት ተማሪ አውቃለሁ። ባለፈው ሴሚስተር ሁለት ኮርስ ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ተጋጨባት። አንዱን ለመቀየር የአድ እና ድሮፕ (ኮርስ የመጨመሪያና የመጣያ) ፎርም ሞላች። አድቫይዘሯ መፈረም አለባቸው፤ ቢሮ የሉም። በማግስቱም የሉም። ፊርማው ሲገኝ የዲፓርትመንት ኃላፊው ስብሰባ ገቡ። ከዚያ የሬጅስትራር ሰልፍ አለ። አዲሱ ሴክሽን ስትገባ ሳምንቱ ሊያልቅ ነው፣ ስሟም መምህሩ የያዙት ዝርዝር ላይ የለም። በአዲሱ ደንብ ይህች ልጅ ቀሪ ናት። ኩዊዙም ዜሮ። ምን አጥፍታ?

ይኸው ኮሌጅ እኮ ኮርስ መቀየር እስከ ሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ይፈቀዳል ይላል። ተማሪው ገና ባልተመዘገበበት ኮርስ እንዴት ነው ነጥብ የሚያጣው? ሁለቱን ደንብ አንድ ላይ ያነበበ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ደግሞ የመጀመሪያው ሳምንት ሥራ ፈትነት ነው ያለው ማን ነው? በተለመደው ስሌት ለአንድ ክሬዲት ሃወር በሳምንት 1 ሰዓት ክፍል ውስጥ፣ 2 ሰዓት ደግሞ ከክፍል ውጭ ይታሰባል። 15 ክሬዲት የያዘ ተማሪ በሳምንት 45 ሰዓት አለበት። ያ ሰዓት በራሱ ቦታ አይዝም። ከየመምህሩ ኮርስ አውትላይን መሰብሰብ አለ። የሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) እና የአሳይመንት ቀኖችን አንድ ወረቀት ላይ አስፍሮ የትኛው ሳምንት ላይ እንደሚደራረቡ ማየት አለ። ይህን በጊዜ ያልሠራ ተማሪ ሚድ ሲደርስ ነው የሚነቃው።

አዲስ ገቢዎቹን ፍሬሾችማ ተዉአቸው። ከቤት ወጥተው፣ ከማያውቁት ሰው አጠገብ እያደሩ ነው። ተማሪዎች ለምን ትምህርት እንደሚያቋርጡ ሲያጠና የኖረው ቪንሰንት ቲንቶ ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚለው ይህንኑ ነው፦ ተማሪው ከትምህርቱም ከግቢው ሰውም ጋር መተሳሰር አለበት፤ ሳይተሳሰር ከቀረ የማቋረጥ ዕድሉ ይሰፋል። ኮሌጁ ግን ገና ከበሩ ነጥብ በመቁረጥ ይቀበላቸዋል።

ኩዊዝ ትምህርትን ያስታውሳል የሚሉም አሉ። ልክ ነው። የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ሮዲገር እና ካርፒኪ በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ፣ ደጋግመው ካነበቡት ይልቅ ያነበቡትን ለማስታወስ የታገሉት ተማሪዎች ከሳምንት በኋላ የተሻለ አስታውሰዋል። ግን እኮ መጀመሪያ አንብበዋል! ያልገባችበትን ሌክቸር ልጅቷ ከየት አምጥታ ታስታውስ? ማስታወስ ከሆነ ዓላማው ደግሞ ውጤት የማይያዝበት ኩዊዝም ይበቃል።

መምህሩ አውትላይን አድሎ የሚሄድበት ሳምንት ይቅር፣ ከመጀመሪያው ቀን ይማሩ። በዚህ አልከራከርም። ኩዊዙ ግን አድ እና ድሮፕ ተዘግቶ የስም ዝርዝሩ ከጸደቀ በኋላ፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይሁን። በመጀመሪያው ሳምንት የአቴንዳንስ ቁጥጥር ካስፈለገ ደግሞ ከአድቫይዘሮቹ ቢሮ ይጀምር።