ፍሬን ላይ የተኛሁት እኔ አይደለሁም!

አሁን ገና ቤት ገባሁ። እጄ ላይ ያለው ጥቁር ነገር በሳሙናም አልለቀቀም። ይሄን ሳልጽፍ ግን አልተኛም።

ያቺ የግራ ጎማ ዛሬም ጨሰች። ከሽሮ ሜዳ እስከ ስድስት ኪሎ መኪናዋ ወደ ግራ እየጎተተችኝ፣ መሪውን በሁለት እጄ ጨብጬ ነው የወረድኩት። አራት ኪሎ መብራት ላይ ስቆም ያ የማውቀው ሽታ መጣ። የተቃጠለ የፍሬን ሸራ። አጠገቤ የቆመ የሚኒባስ ረዳት አንገቱን አውጥቶ «እናቴ፣ ጎማሽ እየነደደ ነው!» አለኝ። አውቃለሁ ወንድሜ። ሁለት ወር ሙሉ ሳውቅ ነው የከረምኩት። አላውቅም ያለው ብሬን የበላው መካኒክ ነው።

ያኔ መጀመሪያ ጋራዡ ስሄድ ሁሉንም ነግሬው ነበር። የግራው ጎማ ከቀኙ ይልቅ ይሞቃል። ፍሬን ሳልረግጥም መኪናዋ የተያዘች ትመስላለች። ካሊፐሩ፣ ያ ፍሬን ሲረገጥ ሸራውን የሚጨምቀው ክፍል፣ ሳይነክስ አልቀረም አልኩት። ካሊፐር የሚለው ቃል ከኔ አፍ ሲወጣ ሳቀ።

«የኔ እህት፣ አውቶማቲክ ናት አይደል?»

«አዎ።»

«በቃ። በሁለት እግርሽ ነው የምትነጂው። ግራ እግርሽ ፍሬን ላይ ተኝቷል።»

በአንድ እግር ነው የምነዳው አልኩት። «ሁላችሁም እንደዛ ነው የምትሉት» ብሎ ልጆቹን ጠቀሳቸው። ሦስቱም ሳቁ። አንዱማ በደንብ ለመሳቅ ክሪኩን መሬት አስቀመጠ። ከዚያ ያቺ የማልረሳት መጣች። «ባለቤትሽን ላኪውና ለሱ ላስረዳው።»

ባል የለኝም። ቢኖረኝስ? መኪናዋ የኔ፣ ሊብሬው በኔ ስም፣ ቁልቁለቱን የምወርደው እኔ!

በማግስቱ ታናሽ ወንድሜ አብሮኝ ሄደ። 19 ዓመቱ ነው፣ መንጃ ፈቃድ የለውም፣ ጎማ ቀይሮ አያውቅም። መካኒኩ ትከሻውን አቅፎ ጎማው ጋ አስጎነበሰውና «አየህ፣ ይሄ እንዲህ ሲሆን ያ ደግሞ እንዲህ ይሆናል» እያለ ሃያ ደቂቃ አስረዳው። ወንድሜ ምንም ሳይገባው ራሱን ይነቀንቃል። እኔ ቦርሳዬን ታቅፌ ቆሜያለሁ። ሒሳቡ ሲመጣ ግን ዞሮ ያየው እኔን ነው። ለሱ ማብራሪያ፣ ለኔ ሒሳብ። አዲስ ሸራ 4,500 ብር፣ የእጅ 1,500። በሦስት ሳምንት ያ ሸራ አለቀ። በድጋሚ 4,500። በድጋሚ «አነዳድሽን አስተካክዪ»።

አንድ ነገር ልጠይቅ። እኔ ፍሬን ላይ ተኝቼ ቢሆን ኖሮ የቀኙ ጎማ ለምን አልተቃጠለም? ፔዳሉ አንድ ነው። ሲረገጥ ሁለቱንም የፊት ጎማ ነው የሚይዘው። የቀኙ ሸራ ምንም አልሆነም። ከግራ ያወጣቸውን ሁለቱን ሸራዎች ጎን ለጎን አድርጌ አሳየሁት። የውስጠኛው እስከ ብረቱ ተበልቷል፣ የውጪው ግማሹ አለ። እግሬ እንዴት አድርጎ ነው የውስጠኛውን ብቻ መርጦ የሚበላው? መልስ የለም። ስልኩን አነሳ።

ደሜን የሚያፈላኝ ደግሞ ይሄ ነው። በሁለተኛው ቀን «እሺ፣ ካሊፐሩንም አጽድቼልሻለሁ» አለኝ። ያጸዳው በዓይኔ እያየሁ ነው። ካሊፐሩ ውስጥ ሸራውን የሚገፋውን ፒስቶን ዘይት እንዳያፈስ ከሚያሽገው ላስቲክ፣ ከነጎሚኒው፣ በተቆረጠ ጀሪካን ውስጥ ናፍጣ አፍስሶ ዘፈዘፈው። የፍሬን ጎሚኒ ናፍጣና ቤንዚን ከነካው ያብጣል፣ በፍሬን ዘይት ወይም ለሱ በተሠራ ማጽጃ ነው የሚታጠበው አልኩት። «ኢንተርኔት ላይ ነው ያነበብሽው? እኔ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ።» ሃያ ዓመት በናፍጣ ሲያጥብ ስንቱ ሰው ፍሬን ነክሶበት ይሆን!

እንደዚህ ነው እንግዲህ። ባለፈው ዓመት ስፖኪዮዬን ሰርቀውኝ ሶማሌ ተራ የራሴን የሚመስል ስገዛም ሻጩ «ለባለቤትሽ ነው?» ብሎኛል። ዓመታዊ ምርመራ ስሄድም መኪናዋን «ላስገባልሽ» የሚል ወጣት በር ላይ ይጠብቀኛል። ደከመኝ።

መኪና ቀይሪ የምትሉኝ ጓደኞቼ ደግሞ እባካችሁ ተዉኝ። የነዳጅ መኪና ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ ቪትዝ ስንት እንደገባች ታውቃላችሁ። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ደግሞ የዶላሩን ነገር ሳያነሳ ዋጋ የሚነግር መለዋወጫ ሻጭ አላጋጠመኝም። ያለችኝን ይዤ መኖር ነው ያለብኝ። ለዚህ ነው ትክክል ተሠርታ እንድትሰጠኝ የምፈልገው።

ዛሬ አራት ኪሎ ዳር ይዤ ስቆም የሥራ ባልደረባዬ አንድ ወጣት መካኒክ ላከልኝ። ልጁ መጀመሪያ ያደረገው ምን መሰላችሁ? ጠየቀኝ። «መቼ ነው የሚብሰው? ጠዋት ነው ወይስ ብዙ ከነዳሽ በኋላ?» እስክጨርስ ሰማኝ። መኪናዋን በክሪክ አነሳና «ጎማውን አዙሪው» አለኝ። በሁለት እጄም አልዞር አለኝ። ከዚያ የካሊፐሩን የአየር ማስወጫ ቡሎን ትንሽ ፈታው። «አሁን ጎማው ከለቀቀ ችግሩ የፍሬን ዘይቱ ቱቦ ወይም ከሱ በላይ ያለው ነው። ካልለቀቀ ራሱ ካሊፐሩ ነው» አለ። ዘይቱ ጠብ ጠብ አለ። ጥቁር ቡና ይመስላል። ጎማው አልለቀቀም። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም! ሁለት ወር ሙሉ የተከለከልኩት ይቺን ሁለት ደቂቃ ነው።

ሲፈታው ፒስቶኑ ጎኑ ዝጓል። ጎሚኒውን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። አብጦ፣ ለስልሶ፣ ጣቴ ላይ እንደ ማስቲካ ተጣበቀ። ናፍጣው!

ይሄ የብር ጉዳይ ብቻ አይደለም። የፍሬን ዘይት ውሃ ይጠጣል፣ በየሁለት ዓመቱ መቀየር ያለበት ለዚህ ነው። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 205 ዲግሪ ይችላል፣ ውሃ ሲገባበት 140 አካባቢ ይፈላል። ከፈላ ፔዳሉ ወለል ድረስ ይገባና መኪናው አይቆምም። እኔ በዚያ ዘይትና በዚያ የጋለ ጎማ ነው በየቀኑ የምወርደው። መንገዱ ላይ ከእንጦጦ እንጨት ተሸክመው የሚመጡ እናቶች አሉ። ዩኒፎርም የለበሱ ሕፃናት አሉ። አንዷ ላይ ብወጣ ማን ነበር የሚጠየቀው? «ሴት ናት የነዳችው» ይባል ነበር።

ያገለገለ ካሊፐር 9,000 ብር ተባልኩ። እገዛለሁ፣ ሌላ ምን አማራጭ አለኝ። ዘይቱም ሙሉ በሙሉ ይቀየራል። ልጁ የቀኙንም ፈትቶ ሊያይልኝ ነው።

ነገ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ግን የተበሉትን ሸራዎችና ያቺን ያበጠች ጎሚኒ በፌስታል ይዤ ያ ጋራዥ በር ላይ ነኝ። ወንድሜን አላስከትልም።