የሥራ ቋንቋን ማወጅ ቀላል ነው፤ ግዴታው የማን ነው?

ከጅማ ተነሥቶ ወደ ቦንጋ የሚጓዝ ሰው የጎጀብን ወንዝ ሲሻገር የመንግሥት ቋንቋ ይቀየርበታል። በወዲህኛው ዳር ያለው የወረዳ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤውን የሚጽፈው በአፋን ኦሮሞ፣ በላቲን ፊደል ነው፤ በወዲያኛው ዳር ያለው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል መሥሪያ ቤት ደግሞ በአማርኛ ይጽፋል። ገበያተኛው ግን በሁለቱም ዳር ያው ነው፤ ቡናውንና ማሩን ሲሸጥ እንደ ገዢው አፋን ኦሮሞ፣ ካፍኛ ወይም አማርኛ ይናገራል። ስለ ሥራ ቋንቋ በተከራከርን ቁጥር የምናነሣው የቋንቋዎችን ክብርና ደረጃ ነው። ይህ ገበያተኛ ጉዳይ ይዞ መስኮት ፊት ሲቆም የመግባባቱ ግዴታ በእሱ ላይ ይሁን በመሥሪያ ቤቱ ላይ የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። እኔ ደግሞ ከአዋጁ ይልቅ መመዘን ያለበት ይህ ግዴታ ነው እላለሁ።

የእኛው ሕግ ታሪክ ራሱ ይህንን ያሳያል። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 125 አማርኛን የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ኦፊሴላዊ ቋንቋ አድርጎ ሲደነግግ፣ አማርኛ የማያውቀው የጅማ ገበሬ በገዛ አገሩ፣ በገዛ መሬቱ ጉዳይ በአስተርጓሚ መሟገት ዕጣው ሆኖ ቀጠለ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 5 አካሄዱን ለወጠው፤ ሁሉም ቋንቋዎች እኩል የመንግሥት እውቅና አገኙ፣ አማርኛ የፌዴራሉ መንግሥት የሥራ ቋንቋ ሆነ፣ ክልሎችም የየራሳቸውን እንዲወስኑ ተፈቀደላቸው። ኦሮሚያ አፋን ኦሮሞን መምረጡ ለዚያ ገበሬ ልጆች የተደረገ ትልቅ ፍትሕ ነው፤ ይህንን የሚክድ ሰው ስለ ቀሪው ጉዳይ ለመናገርም የሞራል ብቃት የለውም። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የሚኒስትሮች ምክር ቤት አፋን ኦሮሞ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛና አፋርኛ ከአማርኛ ጋር የፌዴራል የሥራ ቋንቋዎች እንዲሆኑ የሚያስችል ፖሊሲ አጽድቋል። እርምጃው ተገቢ ነው። ነገር ግን ከአምስቱ በአንዱ ብቻ የሚጽፍ ባለጉዳይ ለፌዴራል መሥሪያ ቤት ማመልከቻ ቢያስገባ በስንት ቀን፣ በየትኛው ቋንቋ መልስ የማግኘት መብት እንዳለው በሕግ ካልተጻፈ፣ የቋንቋዎቹ ቁጥር አምስት ቢሆን ሃያ ለእሱ ለውጥ አያመጣለትም።

በሌሎች አገሮች ስምና ሥራ ምን ያህል እንደሚለያዩ ማየት ይቻላል። ማሊ እ.ኤ.አ. በ2023 ባጸደቀችው ሕገ መንግሥት 13 ብሔራዊ ቋንቋዎቿን ኦፊሴላዊ አድርጋ ፈረንሳይኛን ከዚያ ማዕረግ አወረደችው፤ ይሁንና ፈረንሳይኛ የሥራ ቋንቋ ተብሎ በመሥሪያ ቤቱ ቀረ። ደቡብ አፍሪካ ለ11 ቋንቋዎች እኩል ማዕረግ ሰጥታ እ.ኤ.አ. በ2023 የምልክት ቋንቋን 12ኛ አድርጋ ጨምራለች፤ እንግሊዝኛን በቤቱ የሚናገረው ሕዝብ ከአሥር አንድ እንኳ ባይሞላም የፓርላማውና የዩኒቨርሲቲው ገዢ ቋንቋ ግን ዛሬም እንግሊዝኛ ነው።

ከሁሉም የሚያስተምረው የአሜሪካ ጉዳይ ይመስለኛል። አሜሪካ ከ200 ዓመት በላይ በፌዴራል ደረጃ የታወጀ ኦፊሴላዊ ቋንቋ ሳይኖራት በእንግሊዝኛ ስትተዳደር ቆይታ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ፕሬዚዳንት ትራምፕ እንግሊዝኛን ኦፊሴላዊ የሚያደርግ ትእዛዝ ፈረሙ። ብዙ የተወራው ስለ ማዕረጉ ነበር። ቁም ነገሩ ያለው ግን ያው ትእዛዝ በሻረው ሌላ ትእዛዝ ላይ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2000 በፕሬዚዳንት ክሊንተን የወጣው ያ ትእዛዝ፣ እንግሊዝኛ አጥርተው የማያውቁ ሰዎች ከፌዴራል መሥሪያ ቤቶች አገልግሎት የሚያገኙበትን መንገድ እንዲያመቻቹ መሥሪያ ቤቶቹን የሚያስገድድ ነበር። እንግሊዝኛ በማግሥቱ አንድም ተናጋሪ አልጨመረም፤ የተነሣው የመሥሪያ ቤቱ ግዴታ ነው።

በተቃራኒው ሕጉ ግዴታውን እስከ መጨረሻው ሲጽፍ ምን እንደሚመስል ለማወቅ ፊንላንድን ማየት ይበቃል። በዚያ አገር ስዊድንኛ ተናጋሪው ከሕዝቡ አምስት በመቶ አካባቢ ነው፤ ቋንቋው ግን ከፊንላንድኛ እኩል ብሔራዊ ነው። የቋንቋ ሕጉ ስለ እኩልነት ተናግሮ አላቆመም፤ አንድ የከተማ ወይም የገጠር አስተዳደር ውስጥ አነስተኛው የቋንቋ ወገን ስምንት በመቶ ወይም 3,000 ሰው ከሞላ አስተዳደሩ ባለ ሁለት ቋንቋ ይሆናል፤ ለሁለቱም ወገን በየቋንቋው የማገልገል ግዴታ ይወድቅበታል። ቁጥሩ ከ3,000፣ ድርሻውም ከስድስት በመቶ በታች ካልወረደ ይህ ደረጃ አይነሣም። ሚኒስትር ቢቀየር፣ ፓርቲ ቢሸነፍ ስሌቱ ያው ነው። ካናዳ ደግሞ በሁለቱም ቋንቋ ማገልገል ለሚጠበቅባቸው የፌዴራል ሠራተኞች በዓመት 800 ዶላር ትጨምራለች። ገንዘቡ ብዙ አይደለም፤ ሆኖም ሁለት ቋንቋ ማወቅን በደመወዝ የሚከፈልበት ሙያ አድርጎታል።

ጅማ ይህ ሁሉ የሚያስፈልጋት ከተማ ናት። አፋን ኦሮሞ ባለቤት ነው፤ ከጎኑ ደግሞ አማርኛ በትውልድ የሚናገሩ፣ ዳውሮዎች፣ የሞች፣ ካፋዎችና ጉራጌዎች በአንድ ቀበሌ ይኖራሉ። አማርኛ ብቻ የሚጽፍ የከተማው ነዋሪ ማመልከቻውን ከመሥሪያ ቤት ደጅ ከሚቀመጥ ጸሐፊ ከፍሎ ሲያስጽፍ፣ በአያቱ ዘመን የጅማ ገበሬ የቆመበት ቦታ ላይ እየቆመ ነው። ትናንት የተደረገው በደል ዛሬ የሚደረገውን አያጸድቅም፤ የዛሬው ችግርም ትናንት የተመለሰውን መብት ለመንጠቅ ሰበብ ሊሆን አይገባም።

እንደ ፊንላንዱ ያለ የቁጥር ገደብ በእኛም ሕግ ይጻፍ ማለት አማርኛን በጓሮ በር ለመመለስ ነው የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። መልሴ አጭር ነው፤ ገደቡ ለሁሉም ቋንቋ አንድ ይሁን፤ በአማራ ክልል ከተሞች ለሚኖር አፋን ኦሮሞ ተናጋሪም በደቡብ ምዕራብ ክልልም በዚያው መለኪያ ይሠራ። ይልቅ የሚከብደው ተቃውሞ የቁጥሩ ነው። ኢትዮጵያ የመጨረሻውን የሕዝብ ቆጠራ ያካሄደችው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ፣ ፐርሰንት የሚጠይቅ ሕግ ዛሬ ቢወጣ የሚሰላው በዚያ አሮጌ መዝገብ ላይ ነው።

ቆጠራ የማያስፈልጋቸው ሥራዎች ግን አሉ። ሕገ መንግሥቱ በወንጀል የተከሰሰ ሰው ችሎቱ የሚካሄድበትን ቋንቋ ካላወቀ በመንግሥት ወጪ አስተርጓሚ እንዲያገኝ በአንቀጽ 20 ደንግጓል፤ በርስት፣ በኪራይ ወይም በፍቺ ለሚከራከር ሰው ግን እንዲህ ያለ ግልጽ ቃል አላስቀመጠም። የኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት፣ ጨፌው፣ ይህንን መብት በፍትሐ ብሔር ለሚከራከሩ ሰዎችም ሊያሰፋው ይችላል። ከዳውሮ፣ ከካፋና ከጋምቤላ ድረስ ሕሙማን ለሕክምና ወደ ጅማ ሲላኩም፣ ሐኪሙና በሽተኛው እንዲግባቡ ደመወዝ የተቆረጠለት አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ ለዚህ ደግሞ ዩኒቨርሲቲው ሊያሠለጥናቸው የሚችሉ፣ ሁለትና ሦስት ቋንቋ ሲናገሩ ያደጉ ወጣቶች በከተማው ሞልተዋል።