የክት ልብሴን አልጥልም

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት በአንድ የቴሌቪዥን ፕሮግራም ላይ አንዲት የአለባበስ አማካሪ ቀርባ ነበር። ወሬው ስለ ክረምት ቁም ሳጥን ነው። ምክሯ ባጭሩ ይሄ ነው። ለአንድ ወቅት 33 ልብስ ይበቃል። ሁሉም እርስ በርሱ የሚሄድ ይሁን፤ ቀለሙም ክሬም፣ ግራጫና ቡኒ። በሦስት ወር ውስጥ ያልለበስነው ልብስ ከቤት ይውጣ። ሐበሻ ልብስ ማጠራቀም ይወዳል፣ በሽታችን እሱ ነው አለች።

እኔ ሻይ እያፈላሁ በግማሽ ጆሮ ነው የሰማሁት። ታናሽ እህቴ ግን በደንብ ሰምታለች። በማግስቱ ሁለት ባዶ ማዳበሪያ ይዛ ቤቴ መጣች። ከገበያ ስመለስ አንዱ ማዳበሪያ ሞልቶ ለልዋጭ ተሰጥቷል። በምትኩ አንድ ሰማያዊ ሳፋ መጥቷል። ሳፋውንም ለራሷ ይዛዋለች። ሁለተኛውን ማዳበሪያ በር ላይ ደረስኩበት። ከላይ ብቅ ያለው የጥምቀት ቀሚሴ ነበር።

«ከጥር ወዲህ ለብሰሽዋል?» አለችኝ።

አልለበስኩትም። ስለዚህ ይህን የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ አንባቢ ይወቅልኝ።

ከካፖርቱ ልጀምር። አማካሪዋ ለክረምት የግድ ነው ካለቻቸው ልብሶች አንዱ ረጅም የሱፍ ካፖርት ነው። ለክረምት! ለሐምሌ! ምክሩ ከየት እንደተገለበጠ ለማወቅ ብዙ መመራመር አያስፈልግም። ፈረንጅ ስለ ክረምት ልብስ ሲያወራ የሚያስበው በረዶ ነው። የእኛ ክረምት ዝናብ ነው። በረዶ ከካፖርት ላይ ይራገፋል፤ የሐምሌ ዝናብ ግን ሱፍ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ሃያ ደቂቃ የቆመ የሱፍ ካፖርት ክብደቱም ሽታውም የእርጥብ በግ ነው። መቼ እንደሚደርቅ ደግሞ አማካሪዋ አልነገረችንም።

አዲስ አበባ እኮ እንደ ለንደን ወይም እንደ ሚኒሶታ ዓመቷ በአራት የአየር ወቅት የሚከፈል አይደለችም። ሐምሌ ላይ ቀኑ 20 እና 21 ዲግሪ አካባቢ ነው። ጥር ላይ 23 እና 24 ይደርሳል። በቃ ልዩነቱ ይቺው ናት። አጥንት ሰብሮ የሚገባው ብርድ ክረምት ላይ ሳይሆን ኅዳርና ታኅሣሥ ነው። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ ሌሊቱን ሙቀቱን የሚይዝ ደመና የለም፣ ንጋት ላይ 8 ዲግሪና ከዚያም በታች ይወርዳል። ያው ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሹራብህን አውልቀህ በእጅህ ትይዛለህ። እዚህ ወቅት የሚቀያየረው በአንድ ቀን ውስጥ ነው። ጠዋት ጃኬት፣ ቀትር ላይ ቲሸርት፣ አሥር ሰዓት ላይ ጃንጥላ፣ ማታ ጋቢ። ዋሽንግተን ያለችው የአክስቴ ልጅ የበጋ ልብሷን በካርቶን አሽጋ አልጋ ሥር ብታስገባ ልክ ናት፤ እዚያ በረዶ ይወርዳል። እኔ የትኛውን ነው የማሽገው?

ቀጥሎ ቁጥሩ። 33 የሚለው ነገር አሜሪካ ውስጥ በ2010 በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጀመረ ልማድ ነው፤ 33 ነገር ለሦስት ወር። ጫማም ጌጥም አብሮ ይቆጠራል። እዚያ ለሚኖር ሰው ሊሠራ ይችላል። ከቁጥሩ ጀርባ ግን አንድ የማይነገር ነገር አለ፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽን። ከጎኑም ማድረቂያ። ማታ ያጠብከውን ጠዋት የምትለብስ ከሆነ ሁለት ሱሪ ይበቃሃል።

እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ውሃው ሲመጣ ይታጠባል፣ ሳይመጣ ሲቀር ይጠራቀማል። የታጠበ ጅንስ ነሐሴ ላይ ገመድ ላይ ሦስት ቀን ይውላል። ዝናብ በመጣ ቁጥር እየሮጡ ማስገባት፣ ሲያባራ ማውጣት። በአራተኛው ቀን ቀበቶ ማስገቢያው ላይ አሁንም ረጥቧል፤ ካውያ ልታደርግለት ስትል መብራት የለም። እኔ የምፈልገውን የሱሪ ብዛት የሚወስነው የውሃው ፈረቃና የጎረቤቴ የማስጫ ገመድ ነው። ይህን ሒሳብ የማያውቅ አማካሪ ስለ ብዛት ባያወራ ጥሩ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ወደ ሦስት ወሩ።

በእኛ ቤት የልብስ እቅድ የሚባል ነገር አልነበረም ያለ ማነው? ነበር። ስሙም ክትና ዘወትር ነው። እናቴ የልብሷን ብዛት ቆጥራ አታውቅም፣ ግን እያንዳንዱ ልብሷ የት እንዳለና ለምን ቀን እንደሆነ ታውቃለች። የዘወትሩ በር ኋላ ሚስማር ላይ ይንጠለጠላል። የክቱ ሳጥን ውስጥ ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል፣ ተከቶ የሚቀመጥ። ብል እንዳይበላው ናፍታሊን ተደርጎበት፣ በአሮጌ ነጠላ ተጠቅልሎ። በሦስት ወር አንዴ ሳይሆን በዓመት ሁለቴ ወይ ሦስቴ ይወጣል። ክት ያሰኘው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ ከተለበሰማ ክት አይደለም።

ልብሱም በአንድ ቦታ አይቀርም። ለዓመት በዓል የተገዛው አዲስ ክት ይሆናል። ያምናው ክት ወደ ዘወትር ይወርዳል፤ ለሥራ፣ ለገበያ፣ ለማኅበር። የካቻምናው ዘወትር ወደ ቤት ልብስ ይወርዳል፤ እንጀራ ሲጋገር፣ ቡና ሲቆላ። ከዚያ እጅጌው ይቆረጥና ለታናሽ ይሆናል። ከዚያ ወለል መወልወያ። መጨረሻ ላይ የድስት መያዣ ሆኖ አየዋለሁ፤ ያን አበባውን አውቀዋለሁ፣ እናቴ በእኔ ምረቃ ቀን የለበሰችው ነው። አንድ ሲገባ አንድ ይወርዳል፣ የሚጣል የለም። ዛሬ በውድ የሚሸጥ ኮርስ ሆኖ የመጣውን ነገር እናቴ ሳትማረው ስትሠራው ኖራለች።

የሦስት ወር ሕግ መጀመሪያ የሚገድለው ይህን ክት ነው። እስቲ እንቁጠር። የጥምቀት ቀሚሴን ጥር 11 ለበስኩ። የሚቀጥለው ጥምቀት ሊመጣ ገና ስንት ወር አለ። በሕጉ መሠረት ሚያዝያ ላይ ወጥቶ መጣል ነበረበት። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚል ሕዝብ መሀል ሆነህ ለጥምቀት የሆነውን ቀሚስ በሚያዝያ አውጥተህ ጣል ስትል ምን ማለትህ ነው? በየዓመቱ ሽሮ ሜዳ ወጥቼ አዲስ ላሠራ ነው? በሸማኔ እጅ የተሠራ ጥበብ ቀሚስ ስንት እንደገባ አማካሪዋ ዋጋ ጠይቃ ታውቃለች?

ሠርጉን እንተወው። የሠርግ ሰሞን ቀን ቆርጦ ይመጣል፣ ካርድ ይታደላል፣ መዘጋጃ ጊዜ አለው። ለቅሶ ግን ቀጠሮ የለውም። ጥቁር ቀሚሴን ለመጨረሻ ጊዜ የለበስኩት የካቲት ላይ ነው። ደግሞ መቼ እንደምለብሰው አላውቅም፤ ማንም አያውቅም። ነጠላዬም እንደዚያው፤ ለቤተ ክርስቲያን የማጣፋው ያው ነጠላ ለለቅሶ ተዘቅዝቆ ይለበሳል። እንግዲህ ሌሊት አሥር ሰዓት ስልክ ሲደወል፣ ሰፈር ውስጥ ድንኳን ሲተከል፣ እኔ ጥቁር ቀሚስ ልገዛ ሱቅ እስኪከፈት ልጠብቅ? ወይስ ክሬም ለብሼ ልሂድ፣ ከግራጫ ጋር ይሄዳል ብዬ?

ሌላም አለ። ክት የአንድ ሰው ብቻ አይደለም። የእኔ ጥበብ ቀሚስ የእህቴን ምርቃት አይቷል፣ የጎረቤቴን ልጅ ቅልቅል አይቷል፣ አንዴ እንዲያውም እስከ ደብረ ብርሃን ሄዶ ተመልሷል። እኔ ሳልለብሰው ሦስት ወር ሞላው እንጂ ልብሱ ሥራ ፈቶ አልተቀመጠም። በዚህ ከተማ ውስጥ ብድር ያልወጣ ጥሩ ቀሚስ የለም ብዬ እወራረዳለሁ። ቁም ሳጥንን እንደ አንድ ሰው ንብረት ብቻ የሚቆጥር ሒሳብ እኛ ቤት ሲገባ ስህተት ነው የሚሰጠው።

የሚያስቀው ደግሞ ይህን የጥቂት ልብስ ሐሳብ የጀመሩት ሰዎች እንዲህ አለማለታቸው ነው። በአውሮፓውያን 1970ዎቹ ለንደን ውስጥ ሱቅ የነበራት ሱዚ ፎ ስትል የነበረው፣ ፋሽን የማያልፍባቸውን ጥቂት ደህና ልብሶች ይዛችሁ ለዓመታት ልበሱ ነው። በ1985፣ በዚያው አቆጣጠር፣ ኒውዮርክ ላይ የልብስ ዲዛይነሯ ዶና ካራን ሰባት ልብስ ብቻ ይዛ ወጣች፤ ሥራ የምትሄድ ሴት ጠዋት እንዳትጨነቅ፣ አንዱን ከአንዱ እያቀያየረች እንድትለብስ። ለዓመታት መያዝ ነበር ነገሩ። እኛ ዘንድ ሲደርስ መጣል ሆነ። ከተጣለ በኋላ ደግሞ መግዛት አለ። አማካሪዋ «መሠረታዊ» ብላ የዘረዘረቻቸው ነጭ ሸሚዝ፣ ክሬም ሱሪ፣ ቡኒ ቦርሳ፣ ካፖርቱም ጭምር በአብዛኛው ከውጭ የሚገቡ ናቸው። በእኛ አቆጣጠር ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ነገር ለገበያ ከመለቀቁ በፊት ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር። ዛሬ ከእጥፍ በላይ ነው። ልብሳችሁን ቀንሱ የሚለው ምክር ለምን ሁልጊዜ በሱቅ እንደሚያልቅ አንድ ሰው ቢያስረዳኝ ደስ ይለኛል።

ስለ ክሬም ሱሪውማ ምን እላለሁ። የተቆፈረ መንገድ ዳር የክሬም ሱሪ! አንድ ሚኒባስ ኩሬ ላይ ሲያልፍ የቀለም ምርጫው ወዲያው ወደ ቡኒ ይቀየራል። ሊስትሮ ጫማህን ያድንልሃል፤ ሱሪህን ግን አያድንም።

በአንድ ነገር ልክ ናት፤ ልመን። ልብስ እርስ በርሱ ካልሄደ ሃያ ሸሚዝ ይዞ የሚለብሰው የሚያጣ ሰው አለ። እኔም አለሁበት። ግን ለምን እንዲህ ሆነ? ብዙዎቻችን ልብሳችንን መርጠን አይደለም ያገኘነው። ግማሹ ከውጭ በዘመድ ሻንጣ ነው የመጣው። አክስቴ ሐምራዊ ኮት ካመጣችልኝ ሐምራዊ ኮት አለኝ ማለት ነው፤ ከምንም ጋር አይሄድም፣ አልጥለውም፣ በመጣች ቁጥር እለብሰዋለሁ። ሌላው ግማሽ ሰልባጅ ነው፤ በዕለቱ የተዘረገፈው ውስጥ ቆፍረህ ያገኘኸው። በዕድል የተሰበሰበ ልብስ በፈረንጅ ዝርዝር አይስተካከልም። በልብስ ሰፊ ነው የሚስተካከለው። የሰፋውን ማጥበብ፣ የረዘመውን ማሳጠር፣ ከአሮጌ ጉርድ ከረጢት ማውጣት። ሰፈሬ ያሉት ልብስ ሰፊ ጋሼ ከየትኛውም አማካሪ ይልቅ ቁም ሳጥኔን ያውቁታል።

የዚህ ክረምት የእኔ እቅድ ይሄው። ሁለት ጥቁር ሰማያዊ ሱሪ፣ አንድ ቶሎ የሚደርቅ፤ ጅንሱ እስከ መስከረም ይረፍ። ውሃ የማያስገባ ጃኬት፣ ከሥሩ ሹራብ የሚይዝ ሰፋ ያለ። የሚደራረቡ ሦስት ቀጫጭን ሹራቦች፤ ወፍራም ሹራብ እንደ እነሱ ቶሎ ስለማይደርቅ። ቲሸርትና የውስጥ ልብስ እንደ ልብ፣ ያለ ቁጥር። ከጭቃ የሚያድን ጫማ። ደፈር ያለ ቀለም ያለው ሻርፕ፣ ሰማዩ ራሱ ግራጫ ስለሆነ። አዲስ የምገዛው ጃኬቱን ብቻ ነው። ክቱ ሳጥኑ ውስጥ ነው፤ እሱ አይቆጠርም።

ትናንት ማታ እህቴ ደወለች። ድምፅዋ ዝግ ብሏል። የሥራ ባልደረባዋ አባት አርፈው ነበር፤ ቀብሩ ዛሬ ስድስት ሰዓት ነው።

«ያ ጥቁር ቀሚስሽ… ማዳበሪያው ውስጥ ነበር አይደል?»

«አውጥቼዋለሁ» አልኳት። «ሳፋውን ይዘሽ ነይ። ልዋጭ ነው።»