በሽታውን የደበቀ ደላላ አይገኝለትም

ድሮ ሰው ሲታመም መጀመሪያ ጸበል፣ ቀጥሎ ሐኪም ነበር። አሁን ሠልጥነናል፤ መጀመሪያ ደላላ ነው። ሐኪሙ ሲደርስ ይደርሳል፣ እሱም በቴሌግራም።

ለዚህ ባለሙያ ሐውልት ቢቆምለት እኔ አልቃወምም። ደላላ ብላችሁ ግን እንዳትጠሩት፣ ይቀየማል። ካርዱ ላይ «የውጭ ሕክምና አማካሪ» ይላል። ትናንት ኮንዶሚኒየም ሲያከራይ የነበረ ልጅ ዛሬ ስለ ልብ ቀዶ ሕክምና ሲተነትን አፍ ያስከፍታል። ምን ይገርማል? የልብ ክፍሎች አራት ናቸው። እሱ ባለ አራት ክፍል ቤት ሲያሻሽጥ ነው የኖረው።

አጎቴን ወገቡን ያመው ነበር። ዲስክ ነው። እዚሁ ያየው ሐኪም «ፊዚዮቴራፒ ጀምር፣ ከባድ ነገር አታንሳ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመለስ» አለው። አጎቴ ተናደደ። ያን ሁሉ ሌሊት ያላስተኛው ሕመም በዚህ ዋጋ ይድናል ማለት ስድብ ነው።

ደላላው ግን ለሕመሙ ክብር ሰጠው። «አባቴ፣ ኤምአርአይዎን ይላኩልኝ» አለ። ፊልሙን መስኮት ላይ ለጥፌ በስልክ አነሳሁት። አውራ ጣቴም አብራ ወጣች። በማግሥቱ ከዴልሂ ፕሮፎርማ መጣ። አዎ፣ ፕሮፎርማ፣ እንደ ብረትና ሲሚንቶ። ቀዶ ጥገና፣ የአምስት ቀን አልጋ፣ የኤርፖርት አቀባበል፣ አስተርጓሚ፤ ድምር በዶላር። ወገቡን ማንም ሳይነካው ዋጋው ታወቀ።

«ለእኔ አምስት ሳንቲም አይከፍሉም» አለ ልጁ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። አጎቴ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። በዚህ ክፉ ዘመን በነጻ የሚለፋ ሰው! በእርግጥ ከሂሳቡ ላይ መቶኛ የሚቆርጥለት ሆስፒታሉ ነው። ሂሳቡን የሚከፍለው ደግሞ አጎቴ ነው። ይህን ግን በታመመ ሰው ፊት ማንሳት ነውር ነው። ሂሳቡ በጨመረ ቁጥር የልጁም ርኅራኄ ይጨምራል። ፊዚዮቴራፒ ላይ የሚቀዘቅዘው ለዚህ ነው። ከመታሻ ምን መቶኛ ይወጣል?

ሕንዶች ራሳቸው ይህን ደግነት ሊያጠፉት ሞክረው ነበር። የሕክምና ምክር ቤታቸው በ2002 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሥነ ምግባር ደንብ ሐኪም ሕመምተኛ በመላክ ኮሚሽን መስጠትም መቀበልም አይችልም። ግን ደንቡ ለሐኪም ነው። የእኛ ልጅ ሐኪም አይደለም፤ ተመስገን። ቱርኮች ባሱ። በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጡት ደንብ ከውጭ ሕመምተኛ የሚያመጣ አገናኝ ድርጅት ከጤና ሚኒስቴር የብቃት ፈቃድ ያውጣ አሉ። ለእኛ ሰው ሁለት ሲም ካርድና ንጹሕ ሸሚዝ ይበቃዋል።

ዶላሩ ነበር የቀረው። በደንቡ ከሄድክ ባንኩ የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ይጠይቅሃል። ቦርዱ ደግሞ «ይህ ሕክምና እዚህ አገር የለም ወይ?» ይላል። እንዲህ ያለ አጉል ጥያቄ! ልጁ ሳቅ አለና «ሰው አለኝ» አለ። ሰውየው በስንት እንደመነዘረ አልናገርም። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ መቶን አልፏል፤ የዚህ ሰውዬ ዋጋ ደግሞ ሁሌም ከባንኩ አንድ ፎቅ ከፍ ይላል። አጎቴ መኪናውን ሸጠ። ወገቡን ለሚያመው ሰው መንዳትም ጥሩ አይደለም።

(እዚህ የሌለ ሕክምና ፍለጋ ቀን የሚቆጥር ሰው አለ። ቪዛውን የሚጨርስለት፣ ባዕድ አገር ላይ በአማርኛ «አይዞህ» የሚለው ሰው ማግኘቱ ቀላል ነገር አይደለም። እሱ ላይ አልቀልድም። የምቀልደው አጎቴ ላይ ነው።)

የሕንድ የሕክምና ቪዛ እስከ 2 አስታማሚ ስለሚፈቅድ እኔም ሄድኩ። ሆስፒታሉ አጠገብ ያለው እንግዳ ማረፊያ ባለቤት «እንዴት አደሩ» ማለት ይችላል። ታክሲው፣ ሲም ካርድ ሻጩ፣ ገንዘብ መንዛሪው፣ ሁሉም ልጃችንን በስሙ ያውቁታል። እንደ ዘመድ ይጠይቁታል። በደረስንበት ሁሉ የሆነ ነገር ኪሱ ውስጥ እየገባ ይመስለኝ ነበር፤ ግን እኔ ተጠራጣሪ ነኝ።

ሐኪሙ ሽበታም፣ ለስላሳ ሰው ነው። በስልክ ያነሳሁትን ፎቶ አየና የማን ጣት እንደሆነ ጠየቀ። አዲስ ኤምአርአይ አዘዘ። ከዚያ አጎቴን አስተኝቶ እግሩን አንድ በአንድ አነሳው፣ ወገቡን ዳሰሰው። «ቀዶ ጥገና አያስፈልግም» አለ። «ፊዚዮቴራፒ ጀምር፣ ከባድ ነገር አታንሳ፣ ከስድስት ሳምንት በኋላ...»

አስተርጓሚው ሲተረጉም ድምፁ ቀዘቀዘ። ልጃችን ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ወዲያው ግን ብርታቱ ተመልሶ ለአጎቴ ከራስ ጸጉር እስከ እግር ጥፍር የሚታይበት ሙሉ ምርመራ ገዛለት። መቼም እስከዚያ ድረስ ተሄዶ በባዶ እጅ አይመጣም።

አጎቴ ዛሬ ፊዚዮቴራፒውን ሳያቋርጥ ይሠራል። እዚሁ ሰፈር፣ በብር። ተሽሎታል። «ሕንዶቹ እኮ ሌላ ናቸው» ይላል ለጠየቀው ሁሉ። «እዚህማ ምን ሐኪም አለ?»

ባለፈው እሑድ እሱ ቤት ቡና ስንጠጣ የወደቀ ሲኒ ላነሳ ጎንበስ ብዬ «እህ!» አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። አጎቴ ሲኒውን አስቀመጠ፣ መነጽሩን አደረገ፣ ስልኩን አወጣ። ቀና ስል በልዩ ርኅራኄ እያየኝ ነው።

«ልጄ» አለኝ። «ኤምአርአይ አለህ?»